በቦርድ የወጣ ወታደር መብቱን እንዴት ያስከብራል? ከስንብት ወረቀት እስከ ሕክምና ደብተር

ታናሽ ወንድሜ ከጦሩ በቦርድ፣ ማለትም በሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ በጤና ምክንያት ሲወጣ ስምንት ዓመት አገልግሎ ነበር። ዘጌ ወላጆቻችን ቤት ከመግባቱ በፊት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እኔ ጋ አደረ። ጠዋት ቡና ሳፈላ ከሻንጣው ሰማያዊ ፌስታል አወጣና «እቴ፣ ወረቀቴ ነው፤ አስቀምጪልኝ» አለኝ። ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ጉልበቱ የተሰበረውና ወገቡ የተጎዳው በግዳጅ ላይ ሳለ የተሳፈረበት ኦራል የጭነት መኪና ተገልብጦ ነው። ወረቀቱ ግን የስንብቱን ምክንያት «በሕመም» ብሎ አልፎታል። ስለ መኪናው፣ ስለ ግዳጁ፣ ስለ ቀኑ አንድ መስመር አልነበረውም።

ጣቴን ከቃሏ ሥር አድርጌ ደጋግሜ አነበብኳት። በዚያን ሰዓት ምን ያህል እንደምትጎዳን አላወቅሁም ነበር። በኋላ ሕጉን ሳነብ ነው የገባኝ፤ ስምንት ዓመት ላገለገለ ሰው ያቺ አንዲት ቃል ዕድሜ ልክ በሚከፈል የወር አበልና አንድ ጊዜ ተከፍሎ በሚያልቅ ገንዘብ መካከል ያለችው ልዩነት ናት። ለማስተካከል አሥራ አንድ ወር ፈጀብን። ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ነግሮት ቢሆን የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። ይህን የምጽፈው ያን የሚነግር ሰው ላጣ ነው፤ በጤና ምክንያት ለሚሰናበት ወይም ለተሰናበተ ወታደር፣ እንዲሁም ወረቀቱን ይዛ ለምትንከራተት እናት፣ ሚስትና እህት። ፖሊስ ከሆኑም የጡረታ ሕጉ አንድ ነው፤ አብዛኛው ነገር ለእርስዎም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ በየትኛው በር እንደሚገቡ ይወቁ

ወታደሩን፣ ፖሊሱንና የመንግሥት ሠራተኛውን የሚሸፍነው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 714/2003 ይባል ነበር፤ የቆዩ ደብዳቤዎች ላይ ይህን ቁጥር ቢያዩ አይደናገሩ። ወታደሩ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት ስለ እሱ 25 በመቶ ያዋጣል። ለሌላው የመንግሥት ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነው። ይህን የማነሳው በቢሮ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ እንደ ለማኝ የሚቆም ብዙ ሰው ስላየሁ ነው። አበሉ በራስዎ መዋጮና በአገልግሎትዎ የመጣ ገንዘብ ነው፤ ቀና ብለው ይጠይቁ።

በጤና ምክንያት የወጣ ሰው ከሦስት በሮች በአንዱ ይገባል።

አንደኛው በር የጤና ጉድለት አበል ነው። ሕመሙ ከሥራው ጋር ባይያያዝም፣ ሐኪሞች ለአገልግሎት ብቁ አይደለም ካሉትና ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ፣ ዕድሜ ልኩን በየወሩ ይከፈለዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰዳል፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የዚህ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ሁለተኛው በር ዳረጎት ነው። 10 ዓመት ሳይሞላው በሕመም የወጣ ሰው አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተቀብሎ ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ የወር አበል የለም። ወንድሜን ሊያስገቡት የነበረው በዚህ በር ነው።

ሦስተኛው በር በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። እዚህ ስንት ዓመት አገለገልክ የሚል ጥያቄ የለም። ትናንት የተቀጠረም ሊገባበት ይችላል። ጉዳቱ በሥራ ላይ ወይም በሥራው ምክንያት የደረሰ መሆኑ፣ መጠኑ ከ10 በመቶ ያላነሰ መሆኑ፣ ሰውየውም ለዘለቄታው መሥራት የማይችል መሆኑ በሐኪሞች ቦርድ ሲረጋገጥ፣ ጉዳቱ ሲደርስበት ያገኝ ከነበረው መደበኛ የወር ደመወዝ 47 በመቶ ዕድሜ ልኩን ይከፈለዋል። በአገልግሎት ዘመኑ ተሰልቶ የሚያገኘው ከዚህ ከበለጠ የሚበልጠው ይወሰድለታል። ጉዳት ደርሶበት መሥራት ካላቃተው ደግሞ የወር አበል ሳይሆን የጉዳት ዳረጎት ያገኛል፤ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ይባዛል፣ ውጤቱ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል።

በቁጥር እንየው። አማካይ ደመወዙም የመጨረሻ ደመወዙም 5,000 ብር ነው እንበል። 14 ዓመት አገልግሎ በሕመም የወጣ ሰው 30 በመቶ ላይ 4 ጊዜ 1.65 ተጨምሮለት 36.6 በመቶ ያገኛል፤ ይህ በወር 1,830 ብር ነው። ያው ሰው በሥራ ላይ ጉዳት ከተባለና መሥራት ካልቻለ 47 በመቶ፣ ማለትም 2,350 ብር ያገኛል። ጉዳቱ 20 በመቶ ሆኖ መሥራት ከቻለ ደግሞ 2,350 በ60 ተባዝቶ 141,000፣ የዚህ 20 በመቶ 28,200 ብር በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ከ20 ዓመት በላይ ላገለገለ ሰው የአገልግሎቱ ስሌት ራሱ ከ47 በመቶ ያልፋል፤ 21 ዓመት 48.15 በመቶ ይሰጣል። ስለዚህ «ሕመም» እና «ጉዳት» የሚባሉት ቃላት ክፉኛ የሚለያዩት ለወጣቱ፣ አገልግሎቱ አጭር ለሆነው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ሕጉን የማያውቀውም፣ ቶሎ ፈርሞ ቤቱ መግባት የሚፈልገውም እሱ ነው።

ደመወዝ ሲባል መደበኛው ደመወዝ መሆኑን ልብ ይበሉ። የግዳጅም ሆነ ሌላ አበል ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ በወር እጅዎ ይገባ በነበረው ጠቅላላ ገንዘብ አስልተው ሲያንስብዎ እንዳይደነግጡ።

ቦርድ ፊት ሲቀርቡ

ወታደር «ደህና ነኝ» ማለት ተምሮ ያደገ ሰው ነው። ቃሬዛ ላይ ተኝቶም ይላታል። ወንድሜ ሐኪሙ «ያምሃል?» ሲለው «ትንሽ» ብሎ መመለሱን ሲነግረኝ አለቀስኩ። ሌሊት ወገቡን ለማዞር በእጁ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ የሚጎትት ሰው ነው። እኔ ግድግዳ ብቻ ለይቶን እሰማዋለሁ።

ቦርዱ የሚጽፈው የነገሩትንና ያየውን ነው። ስለዚህ ከመቅረብዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት፦ ምን ያህል መንገድ ሳያርፉ ይሄዳሉ? ስንት ደቂቃ መቆም ይችላሉ? ምን ያህል ኪሎ ያነሳሉ? ሽንት ቤት ቁጭ ብለው መነሳት ይችላሉ? ሌሊት ስንቴ ይነቃሉ? ጆሮዎ በየትኛው በኩል አይሰማም? ማጋነን አያስፈልግም፤ ክፉውን ቀን እንደነበረ መናገር ግን ያስፈልጋል። የተጎዳው አካል ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም ያስመዝግቡ። ጉልበት ብቻ ተጽፎ ወገብ ከቀረ፣ በኋላ ወገቡን ለማስገባት እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ።

የቦርዱ ውሳኔ ሲሰጥዎ እዚያው ቆመው ያንብቡት። አራት ነገር ይፈልጉ፦ የበሽታው ወይም የጉዳቱ ስም፤ ጉዳቱ በሥራ ላይ ወይም በሥራ ምክንያት የደረሰ መሆኑና መቼና እንዴት እንደደረሰ፤ መጠኑ በመቶኛ፤ ለዘለቄታው መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ «ይህ ይጨመርልኝ» ብለው በትሕትና፣ ግን ሳይንቀሳቀሱ ይጠይቁ።

ከጦር ሰፈሩ ከመውጣትዎ በፊት የሚሰበስቡት

ከወጡ በኋላ አንዲት ወረቀት ለማምጣት የሚከፍሉት የመኪና ብር፣ የአልጋና የቀናት ኪሳራ ነው። ክፍሉም ሊንቀሳቀስ፣ አለቃውም ሊቀየር ይችላል። ክሊራንስ ሲያዞሩ እነዚህን ጎን ለጎን ይያዙ።

የስንብት ደብዳቤው ዋናው ወይም ትክክለኛ ግልባጩ፣ ፕሮቶኮል ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የፈራሚው ቲተር ያለበት። የተቀጠሩበትና የተሰናበቱበት ቀን በግልጽ ይጻፍ፤ ጥቂት ወራት 10 ዓመትን ሊያጎድሉ ይችላሉና። ስምዎ ከነአያት በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ያረጋግጡ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ግን ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

የጉዳቱ ሪፖርት። አደጋው ሲደርስ ክፍሉ የያዘው ቃለ ጉባኤ ወይም የዕለት መዝገብ ካለ ኮፒውን ይጠይቁ። ከሌለ አብረውዎት የነበሩ ሁለት ሦስት ጓዶች ያዩትን ጽፈው፣ ፈርመው፣ በክፍሉ እንዲረጋገጥላቸው ያድርጉ። ይህ ነው እኛን ያንገላታን። ምስክሮቹ ተበትነው ነበር።

የሕክምና ማኅደር። መጀመሪያ የታከሙበት ጣቢያ ካርድ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠ ማጠቃለያ፣ ራጅና ሲቲ ስካን ከነፊልሙ፣ የቀዶ ሕክምና መግለጫ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር። ብረት ወይም ብሎን ገብቶልዎ ከሆነ ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደሚወጣ ያስጽፉ። ባሕር ዳር ላይ የሚያገኝዎ የአጥንት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህን ነው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የደመወዝ ማረጋገጫና የጡረታ መዋጮ መቆረጡን የሚያሳይ ማስረጃ። የትዳርና የልጆች ማስረጃም በግል ማኅደርዎ ውስጥ መግባቱን ይመልከቱ። ወጣት ሆኖ ተቀጥሮ ኋላ ያገባ ሰው ፋይሉ ላይ «ያላገባ» እንደሆነ ሊቀር ይችላል።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው። ከተሰናበቱ በኋላ በመከላከያ ሆስፒታል መታከምዎ የሚቀጥል ከሆነ ለየትኛው ሕመም፣ የት፣ ለስንት ጊዜ፣ ለቤተሰብዎ ጭምር ነው ወይስ ለእርስዎ ብቻ የሚለውን በጽሑፍ ይቀበሉ። «ና፣ እናክምሃለን» የሚል የአፍ ቃል በር ጠባቂው ጋ አያሳልፍም። የቀጠሮ ካርድ ካለዎት ቀጠሮው ከስንብቱ ቀን በኋላ ቢውልም እንደሚያገለግል እዚያው ካርዱ ላይ ያስጽፉ።

ወረቀቱ ሁሉ ሲሟላ ሦስት ቦታ ያስቀምጡት። የእኛ ዋናው እኔ ቤት ነው፣ ኮፒው ዘጌ ነው፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ለራሴ የላክሁት አለ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ የሚመላለስ ሰው ሞገድ በተነሳ ቀን ጭኑ ድረስ እንደሚረጥብ ያውቃል። አንድ ቀን ወንድሜ የያዘው የሐኪም ወረቀት ጣና ነካው፤ ማኅተሙ ወደ ሐምራዊ ነጠብጣብ ተለወጠ። ዋናውን ይዘው አይሻገሩ፤ ግድ ካልዎ አፉ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ያድርጉት።

ወረቀቱ ከተሳሳተ

መጀመሪያ ወደ ጡረታ ቢሮ አይሩጡ። የጡረታ ቢሮው የሚሠራው አሠሪው መሥሪያ ቤት በላከለት ማስረጃ ነው፤ «ሕመም» ተብሎ የመጣውን ራሱ «ጉዳት» ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ማስተካከያው የሚጠየቀው ወረቀቱን ከጻፈው ክፍል ነው።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን። እኛ የመጀመሪያውን አራት ገጽ ጻፍን፤ ልቅሶ የበዛበት ነበር፤ ማንም አንብቦ አልጨረሰውም። ሁለተኛው ላይ ያደረግነው ይህ ነው፦ ማን እንደሆነ፣ መቼና የት በምን ግዳጅ ላይ እንደተጎዳ፣ መጀመሪያ የታከመበት ጣቢያና ቀኑ፣ የቦርዱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቃል፣ እንዲጻፍለት የሚጠይቀው ቃል፣ የተያያዙት ማስረጃዎች ብዛት በገጽ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ግልባጩ ላይ «ገቢ» ማኅተም ከነቁጥሩ አስመትተው ይውሰዱ። ያ ቁጥር ከሌለ በሁለተኛው ጊዜ ሲሄዱ «ማመልከቻ አላየንም» ይባላሉ፤ እኛ ተብለናል።

የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድ ከሁሉ የበለጠ ኃይል አለው። የወንድሜ ጉዳይ የተፈታው አደጋው በደረሰ ዕለት የተቀበለው ሐኪም ካርዱ ላይ «በመኪና መገልበጥ» ብሎ ጽፎ ስለነበር ነው። ያን ካርድ ፈልገን ያገኘነው በዘጠነኛው ወር ነው። እርስዎ ከዚያ ይጀምሩ።

የጉዳቱ መቶኛ አንሷል ካሉ እንደገና በሐኪሞች ቦርድ መታየት እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ይጠይቁ። የጡረታ አስተዳደሩ ራሱ በሚሰጠው ውሳኔ ካልተስማሙ ደግሞ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማቅረብ ይችላሉ። ይግባኝ የጊዜ ገደብ አለው፤ ውሳኔው የደረሰዎትን ቀን ደብዳቤው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉና በዚያው ሳምንት ይንቀሳቀሱ። ጽሑፍ የሚያዘጋጅልዎ ካጡ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ቢሮ ሰበብ እየደረደረ ካመላለስዎ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም።

በየበሩ «እኔ ላስጨርስልህ» የሚል ሰው አይጠፋም። የአንድ ዓመት አበል ለደላላ የከፈለ ጎረቤት አለን፤ ፋይሉ ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈጠነም። ዋናውን ወረቀት በፍጹም ለማንም አይስጡ።

ባሕር ዳር ላይ አበሉን ማስጀመር

አሠሪው መሥሪያ ቤት የተሟላውን ፋይል ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይልካል። እርስዎ ባሕር ዳር በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ሄደው ፋይሉ መድረሱን፣ ምን እንደጎደለው፣ አበሉ በየትኛው ባንክ እንደሚገባ ይጠይቁ። መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የባንክ ደብተር ይዘው ይሂዱ። እዚህ ብዙ የሚባል የለም፤ ፋይሉ ሙሉ ከሆነ ሥራው የእነሱ ነው። ራስዎ መሄድ ካልቻሉ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ይስጡ፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አይቀበሉም።

አበል ሕክምና አይደለም

ይህን ስንረዳ ሌላ ድንጋጤ ሆነብን። የጡረታ አበል ገንዘብ ነው፤ የሐኪም፣ የመድኃኒትና የምርመራ ወጪ አይሸፍንም። ጦሩ ውስጥ ሳሉ ነጻ የነበረው ሕክምና ከወጡ በኋላ በኪስዎ ላይ ያርፋል፤ ሌላ መንገድ ካላበጁለት።

ለአብዛኛው ወደ ገጠርም ሆነ ወደ ግል ሥራ ለሚመለስ ሰው መንገዱ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። ምዝገባው በቤተሰብ ነው፤ በቀበሌ ይመዘገባሉ፣ የዓመት መዋጮ ይከፍላሉ፣ ደብተር ይሰጥዎታል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ወላጆችዎ ደብተር ስላላቸው እርስዎም የተሸፈኑ ይመስልዎታል። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ግን በወላጆቹ መዋጮ ብቻ አይታከምም፤ ተጨማሪ ተከፍሎለት ስሙና ፎቶው ደብተሩ ላይ መግባት አለበት። እናቴ ደብተሯን ይዛ ከወንድሜ ጋር ዘጌ ጤና ጣቢያ ሄዳ የተመለሰችው በዚህ ነው። ጡረተኛ ከሆኑ ደግሞ በምን መልክ እንደሚመዘገቡ ከበሽታ በፊት ቀበሌዎን ይጠይቁ።

መዋጮው የሚሰበሰብበት ወቅት አለ፤ ብዙ ጊዜ እህል ከገባ በኋላ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ የመጣ ሰው እስከሚቀጥለው ዙር ሊጠብቅ ይችላልና እንደተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ። መክፈል የማይችሉ ከሆኑ ቀበሌው የሚለያቸው የድሃ ድሃ አባላት አሉ፤ መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍናል። ጉዳተኛ ሆኖ ገቢ የሌለው ሰው ይህን መጠየቅ አያሳፍረውም።

ደብተሩ የሚሠራው ደረጃውን ጠብቀው ሲሄዱ ነው። መጀመሪያ በቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ሪፈር ወረቀት ይዘው ወደ ሆስፒታል። ባሕር ዳር ላይ ከባድ ጉዳይ የሚላክባቸው ፈለገ ሕይወት እና ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ናቸው። ጤና ጣቢያውን ዘልለው በቀጥታ ከሄዱ ክፍያ ይጠየቃሉ። ድንገተኛ አደጋ ሌላ ነው፤ እሱ ወረፋ አይጠብቅም።

ሪፈሩን ሲቀበሉ የሚላኩበት ክፍል ስም፣ ማኅተምና ቀን መኖሩን ይዩ። ሆስፒታል ካርድ ክፍል የሚደርሱት በማለዳ ይሁን፤ ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት የሚመጣ ሰው ዋዜማውን ከተማ ቢያድር ይሻላል። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም አስመትተው፣ ውጭ ሲገዙ ደረሰኝ ይዘው ወደ መድን ክፍሉ ይመለሱና ይጠይቁ። ያለ ማኅተምና ያለ ደረሰኝ ጥያቄው አይነሳም። መድኑ የማይሸፍነውም አለ፦ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ውጭ አገር መታከም።

በመንግሥት ጤና ተቋም መድንም ባይኖርዎ በነጻ የሚሰጡ አሉ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ለባለቤትዎ ደግሞ የወሊድ አገልግሎት፣ ለልጆችዎ ክትባት።

የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ

መተማ ወይም ሑመራ ቆላ ላይ ያገለገለ ሰው ከተመለሰ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ቢለው፣ ቢከሳ፣ ግራ ጎኑ ከጎድኑ ሥር ቢያብጥ ወባ ነው ብሎ ብቻ አይለፈው። ካላ አዛር ሊሆን ይችላል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ሰውነት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። ባሕር ዳር ላይ የተቀበለዎ ባለሙያ ቆላ እንደነበሩ ካላወቀ ላያስበው ይችላል። «ይህን ያህል ጊዜ መተማ ነበርኩ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ምርመራ በፊት ትነገር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምና ማዕከል አለው። የት እንደተመደቡ የሚገልጽ ደብዳቤ ለሕክምናው ይጠቅማል።

እጅ ወይም እግር ላጣ፣ ወይም ድጋፍ ለሚያስፈልገው ሰው ባሕር ዳር ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሰው ሠራሽ እግር፣ ለደከመ እግር ድጋፍ፣ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር ከፊዚዮቴራፒ ጋር ይሠራበታል። የሐኪም ማዘዣ ይዘው ይሂዱ። ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ጉቶው ሲሟሽሽ ሰው ሠራሹ እግር ይሰፋል፣ ያቆስላል፤ መመለስዎን አይተዉ። ወንድሜ ለጉልበቱ ድጋፍ የተሠራለት በሐኪሙ ማዘዣ ነው፤ አሁን ከጀልባው ወደ ዘጌ ወደብ ማንም ሳይደግፈው ይወርዳል።

ስለ አእምሮም ልበል። ሌሊት የሚያስጮህ ሕልም፣ በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ ከሰው መሸሽ፣ በመጠጥ መደበቅ፤ ይህ የሚታከም ሕመም ነው። ሪፈር ላይ «የአእምሮ ሕክምና» ተብሎ መጻፉ ያሳፍራል ብለው የሚያስቀሩት ብዙዎች ናቸው፤ እባክዎ አያስቀሩት። በእኛ አካባቢ ጸበል መጠመቅ የታወቀ ነው፤ እናቴም ወስዳዋለች። ይጠመቁ፤ መድኃኒቱንም ሳያቋርጡ ይዋጡ። ከሐኪሙ ሳይነጋገሩ በድንገት ማቆም ነው የሚጎዳው። በቦርዱ ጊዜ ሳይጠቀስ ቀርቶ ከሆነም አሁን ያለው የሐኪም ማስረጃ እንደገና ለመታየት ሊያገለግልዎ ይችላልና እያንዳንዱን ካርድ ያስቀምጡ።

ፋይሉን በየጊዜው ማደስ

አበሉ ከተጀመረ በኋላ የቤተሰብ ለውጥ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት። ባለመብቱ ቢሞት ለባለቤቱ የአበሉ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። ስማቸው ያልገባ ሚስትና ልጅ ግን በሐዘን ላይ ሆነው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታሉ። ጋብቻ ሲፈጸም የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ ልጅ ሲወለድ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት አውጥተው ኮፒውን ይዘው ይሂዱ፤ «ገቢ» ማኅተሙን አይርሱ። የጤና መድን ደብተሩም በየዓመቱ ይታደሳል፤ አዲስ የተወለደ ልጅም እዚያው ይጻፋል።

የወንድሜ ልጅ በጥቅምት ተወለደች። የልደት ወረቀቷ ኮፒ ሰማያዊው ፌስታል ውስጥ፣ ከተስተካከለው የቦርድ ወረቀት በላይ ተቀምጧል። ሰኞ በጠዋቱ ጀልባ ሲመጣ አብረን ሄደን እናስገባዋለን።